ሲያረጅ የሚወደድ ኩባንያ

ከቦሌ ተነስቶ ዋሽንግተን ዳለስ የወረደ መንገደኛ ጉዞው እዚያ ላያልቅ ይችላል። ኮሎምበስ ኦሃዮ እህቱ ዘንድ የሚሄድ ነው እንበል። ፓስፖርቱን አስመትቶ፣ ሻንጣውን ተረክቦ መልሶ አስረክቦ፣ ከአገር ውስጥ በረራው በር ሲደርስ የሚጠብቀው አውሮፕላን ከወረደበት ጋር ሲተያይ የልጅ መጫወቻ ይመስለዋል። በግራ አንድ ወንበር፣ በቀኝ ሁለት፤ ረዘም ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። በሩ ላይ የቆመችው ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ከእጁ ያልለያትን፣ በርበሬና ሽሮ የታጨቀባትን ትንሽ ሻንጣ አየት አድርጋ "ይቺ ከላይ አትገባም" ትለዋለች። እጀታዋ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይታሰርና ሻንጣዋ ወደ ዕቃ ክፍል ትወርዳለች።

የአውሮፕላኑ ጭራ ላይ ያለው የዩናይትድ ዓርማ ነው። ትኬቱ የዩናይትድ ነው፤ አስተናጋጇም "ስለመረጡን እናመሰግናለን" የምትለው በዩናይትድ ስም ነው። መንገደኛው ስልኩ ላይ ያለውን የመሳፈሪያ ካርድ አጉልቶ ካየ ግን በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ሌላ ስም ያገኛል፦ ኮምዩትኤር፣ ወይም ስካይዌስት፣ ወይም ሪፐብሊክ፣ ወይም ጎጄት። ካፒቴኑ፣ ረዳቱ፣ አስተናጋጇ፣ ሞተሩን የሚፈታው መካኒክ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከዚያ ኩባንያ ነው። ዩናይትድ ያዋሰው ስሙንና ቀለሙን ነው።

ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ግንባታ ቦታ አጥሩ ላይ የሚለጠፈው የዋናው ተቋራጭ ስም ነው፤ ብረቱን የሚያስረው፣ ግድግዳውን የሚለስነው፣ ሴራሚኩን የሚያነጥፈው ሰብ ኮንትራት የያዘ ሌላ ሰው ነው። ባለቤቱ ከዋናው ተቋራጭ ጋር ይጨቃጨቃል እንጂ ለሳኙን በመልክም አያውቀውም። ከኮቪድ በፊት በነበሩት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ከሚነሱት የመንገደኛ በረራዎች ከአሥሩ አራቱ ገደማ እንዲህ በሰብ ኮንትራት የሚበሩ ነበሩ። እነዚህ በክልል አየር መንገድነት የሚታወቁ ትንንሽ ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚጫረቱት ከዴልታ፣ ከዩናይትድና ከአሜሪካን አየር መንገዶች ሥራ ለማግኘት ነው። ምን ይዘው ነው የሚጫረቱት? የአገሪቱን ምክር ቤት፣ የአብራሪ ማህበራትን፣ የኪሳራ ፍርድ ቤቶችንና የትንንሽ ከተማ ከንቲባዎችን ለአርባ ዓመት ሲያነታርክ የኖረው ጥያቄ ይኸው ነው። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሐሳቡ የተወለደው ከዳለስ ብዙም ሳይርቅ ነው። በ1967 አሌጌኒ የሚባል አየር መንገድ ከሜሪላንዷ ሄገርስታውን ወደ ባልቲሞር የሚያበረው መስመር አላዋጣ አለው። ከተማይቱን ጥሎ ከመውጣት ይልቅ መስመሩን ትንንሽ አውሮፕላኖች ለነበሩት ለሄንሰን ሰጠ፤ ሄንሰን በአሌጌኒ ስም ይበር ጀመር። ብልህ ዘዴ ነበር። ከተማይቱ በረራዋን አላጣችም፣ አሌጌኒ ኪሳራውን ከትከሻው አወረደ፣ ሄንሰንም ሥራ አገኘ። ያኔ የተጎዳ ሰው አይታየኝም።

መልኩ የተለወጠው በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ዋጋና መስመር መወሰንን ከመንግሥት እጅ ካወጣ በኋላ ነው። ትልልቆቹ አየር መንገዶች አትላንታን፣ ቺካጎን፣ ዴንቨርን የመሰሉ ማዕከሎች መሠረቱ፤ መንገደኛ ከየአቅጣጫው ወደዚያ ይጎርፋል፣ አውሮፕላን ይቀይራል፣ ይበተናል። ማዕከሉ እንዲሞላ ከየትንንሹ ከተማ ሃያም ሠላሳም ሰው መልቀም ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ 150 ወንበር ያለው ጄት መላክ አያዋጣም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ትንንሾቹ ኩባንያዎች ተራ በተራ የትልልቆቹን ቀለም ተቀብተው፣ በትልልቆቹ የበረራ ቁጥር መብረር ጀመሩ።

መጀመሪያ ላይ የትኬቱን ገቢ ይካፈሉ ነበር። አውሮፕላኑ ባዶ ከሄደ ሁለቱም ይጎዳሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው ኮንትራት ግን ሌላ ነው። መስመሩን የሚመርጠው፣ ሰዓቱን የሚያወጣው፣ ዋጋውን የሚተምነው፣ ትኬቱን የሚሸጠው፣ ነዳጁን የሚከፍለው ትልቁ ነው። ትንሹ የመብረር ፈቃዱን፣ አብራሪዎቹንና ጥገናውን ያቀርባል፤ ለእያንዳንዱ መነሳት ይህን ያህል፣ ለእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት ይህን ያህል፣ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን በወር ይህን ያህል ተብሎ ይከፈለዋል። ሰዓት ካከበረ ጉርሻ አለው። አውሮፕላኑ ውስጥ አንድ ሰው ቢኖርም ሃምሳ ቢኖርም ክፍያው ያው ነው።

ይህ ለትንሹ ድሎት ይመስላል። ነዳጅ ቢንር አይነካውም፣ ወንበር ባዶ ቢሄድ አያስጨንቀውም። የባንክ ሰዎችም ወደዱት፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የእነዚህ ኩባንያዎች የትርፍ መጠን ከአሠሪዎቻቸው የተሻለበት ጊዜ ነበር። ግን ጨረታው ሲወጣ ምን ይዞ ይቅረብ? በዋጋ አይጫረትም፣ ዋጋ የእሱ አይደለም። በመስመር አይጫረትም። በነዳጅ ቁጠባም ብዙ አይርቅም፤ ሁሉም የሚያበሩት የካናዳውን ሲአርጄ ወይም የብራዚሉን ኤምብራየር ነው። አውሮፕላኑንም ብዙ ጊዜ ትልቁ ራሱ ነው የሚያቀርብለት። ተጫራቹ በእጁ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሠራተኛው ደመወዝ።

የአብራሪ ደመወዝ ደግሞ በእርከን ነው የሚሄደው። በየዓመቱ አንድ እርከን ይወጣል፤ የሁለተኛ ዓመት ረዳት፣ የአሥረኛ ዓመት ካፒቴን፣ ለእያንዳንዱ በሰዓት የሚታሰብ ዋጋ አለው። አዲስ ሰው ከታች የሚገባው ኩባንያው ሲያድግ ወይም ነባሮቹ ሲለቁ ብቻ ነው። እያደገ ያለ ኩባንያ ግማሹ ሠራተኛው ጀማሪ ስለሆነ ርካሽ ነው፤ ዕድገቱ የቆመበት ግን ማንንም ሳያስከፋ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ በየጥር ወሩ እየከበደ ይሄዳል። በሌላው ንግድ ኩባንያ ሲያረጅ ይወደዳል። እዚህም ይወደዳል፤ ስኳር እንደሚወደደው። ስለዚህ ቀጣዩን ጨረታ ማሸነፍ ከትርፍም በላይ ላለማርጀት የሚደረግ ሩጫ ነው፤ አዲስ አውሮፕላን አዲስ ጀማሪ ያመጣል፣ ጀማሪው አማካዩን ወጪ ያወርደዋል። ይህን ያልያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለው ታሪክ ሁሉ የመጥፎ ዕድል ዝርዝር ይመስለዋል።

ኮምኤርን እንውሰድ። በ1977 ሲንሲናቲ ላይ አባትና ልጅ በጥቂት የፒስተን አውሮፕላኖች ያቋቋሙት ነው። በ1993 ሃምሳ ወንበር ያላትን ሲአርጄ በአሜሪካ ለመንገደኛ ያስተዋወቀው እሱ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከትንሽ ከተማ መሳፈር ማለት ጆሮ በሚያደነቁር፣ ዝቅ ብሎ በሚንገጫገጭ ፕሮፔለር መሄድ ነበር፤ ጄቱ ሲመጣ መንገደኛው ወደደው። ዴልታ በጣም ስለወደደው ኩባንያውን በሞላ ገዛው፤ በ1999 መጨረሻ የተስማሙበት ዋጋ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

በመጋቢት 2001 የኮምኤር አብራሪዎች አድማ መቱ። አንድም አውሮፕላን ሳይነሳ 89 ቀን አለፈ። ጥያቄያቸው በአጭሩ ይህ ነበር፦ የምናበረው ጄት ነው፤ የምናሳፍረው የዴልታን መንገደኛ ነው፤ ታዲያ ደመወዛችን ለምን የፕሮፔለር ይሆናል? ተሳካላቸው ማለት ይቻላል፤ ያገኙት ስምምነት በዘመኑ ከነበሩት የክልል አየር መንገዶች ከላይኛው ረድፍ የሚመደብ ነበር። የገዛ ድላቸው ግን በሚቀጥለው ጨረታ ውድ ተጫራች አደረጋቸው። ዴልታ አዲስ በረራ ሲኖረው ባለቤትነቱ የራሱ ለሆነው ለኮምኤር መስጠቱን ትቶ ከውጭ በርካሽ ወዳገኛቸው ማዞር ጀመረ። ልጅ ቤት ተቀምጦ ጎረቤት ሲላክ ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የደረሰባቸው ተደራረበ። በ2004 የገና ዕለት የሠራተኛ ምደባውን የሚሠራው ኮምፒዩተር ተንበረከከ፤ ፕሮግራሙ በአንድ ወር ውስጥ ከ32 ሺህ የሚበልጥ የምደባ ለውጥ መቁጠር አይችልም ነበር፣ የበረዶ ማዕበል ደግሞ ቁጥሩን አሻቅቦት ነበር። 1,100 በረራ በአንድ ቀን ተሰረዘ። በየተርሚናሉ ወለል ላይ የተኛው ሰው የረገመው ዴልታን ነው። በ2005 ዴልታ ኪሳራ አውጆ የፍርድ ቤት ከለላ ሲጠይቅ ኮምኤርም አብሮ ገባ። በነሐሴ 2006 ሌክሲንግተን ኬንታኪ ላይ አንድ የኮምኤር አውሮፕላን ገና ጎሕ ሳይቀድ በተሳሳተው፣ በአጭሩ ማኮብኮቢያ ለመነሳት ሞክሮ 49 ሰው አለቀ። መስከረም 29 ቀን 2012 የመጨረሻው በረራ አርፎ ኩባንያው ተዘጋ። ከዴልታ በኩል የተሰጠው ምክንያት የሃምሳ ወንበር ጄቶች አለማዋጣትና የኮምኤር ወጪ መክበድ ነበር።

ሥራ ላይ የቀሩት 1,700 ያህል ሠራተኞች ተበተኑ። እዚህ ላይ ከሌላ ሙያ የሚለየው አንድ ጭካኔ አለ። የአብራሪ አንጋፋነት ከኩባንያ ወደ ኩባንያ አይሻገርም። ሃያ ዓመት ካፒቴን የነበረ ሰው ሌላ የክልል አየር መንገድ ሲቀጠር ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ከሃያ አራት ዓመት ጀማሪ ሥር ይጻፋል፤ ረዳት ሆኖ፣ በጀማሪ ደመወዝ፣ በዓል ቀን ተረኛ ሆኖ። የቀጠረው ኩባንያ የሃያ ዓመት ልምድ በጀማሪ ዋጋ አገኘ ማለት ነው። በዚያው ልክ ለሚቀጥለው ጨረታ ርካሽ ሆነ።

ከዚህ ወጥቶ በራሱ ስም የሚበርስ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ነበረ፤ የተሞከረውም እዚያው ዳለስ ላይ ነው። አትላንቲክ ኮስት የሚባለው ኩባንያ ለዩናይትድ የሚሠራ ትልቅ ሰብ ኮንትራክተር ነበር። ዩናይትድ በታኅሣሥ 2002 የኪሳራ ከለላ ከገባ በኋላ አብረውት የሚሠሩትን ሁሉ ዋጋ ቀንሱ አላቸው። ሌሎቹ ተቀበሉ፤ አትላንቲክ ኮስት አሻፈረኝ አለ። ስሙን ኢንዲፔንደንስ ኤር ብሎ፣ አውሮፕላኖቹን ሰማያዊ ቀብቶ፣ በሰኔ 2004 በርካሽ ትኬት ገበያ ወጣ። ያኔ ዋሽንግተን አካባቢ የነበረ አበሻ ዋጋውን ሳያስታውሰው አይቀርም።

ሒሳቡ ግን ከመጀመሪያው አልገጠመም። ሃምሳ ወንበር ያለው ጄት ሁለት ሞተርና ሁለት አብራሪ አለው፤ 150 ወንበር ያለውም እንዲሁ። ወጪው ለሃምሳ ሰው ሲካፈልና ለመቶ ሃምሳ ሲካፈል አንድ አይደለም። ትልቁ አየር መንገድ ያቺን ትንሽ ጄት በኪሳራ ቢያበራት እንኳ ከኮሎምበስ የለቀመችው መንገደኛ ዳለስ ላይ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ቶኪዮ ስለሚሻገርለት ይክሰዋል። ኢንዲፔንደንስ የሚያሻግርበት የረጅም ርቀት በረራ አልነበረውም። የነዳጅ ዋጋም በዚያው ሰሞን ወጣ፤ ያንን የሚከፍለው ደግሞ አሁን ራሱ ነበር። ዩናይትድ ዳለስ ላይ የለቀቀውን ቦታ በሌሎች ተጫራቾች ሞላና ፊት ለፊት ገጠመው። ጥር 5 ቀን 2006 የመጨረሻው በረራ ሆነ፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ነው የቆየው።

ኤክስፕረስጄት ከዚህ አልተማረም፣ ወይም ምርጫ አልነበረውም። የኮንቲኔንታል አየር መንገድ ቅርንጫፍ ሆኖ ቆይቶ በ2002 ተነጥሎ አክሲዮን የሸጠ ኩባንያ ነው። ኮንቲኔንታል 69 አውሮፕላኖቹን ከኮንትራት ሲያስወጣበት በ2007 በራሱ ስም ሞከረ፤ በዓመት ከመንፈቁ ተወው። በ2010 ስካይዌስት ገዛው፣ በ2019 መልሶ ሸጠው። ከዚያ 2020 መጣ። በኮቪድ ሰማዩ ባዶ ሲሆን ዩናይትድ ያቺን በግራ አንድ በቀኝ ሁለት ወንበር ያላትን ኤምብራየር 145 የሚያበሩለት ሁለት ኩባንያዎች ነበሩት፤ ኤክስፕረስጄትና የኦሃዮው ኮምዩትኤር። በሁለቱም ባለቤት ኩባንያዎች ውስጥ ድርሻ ነበረው። በሐምሌ ወር ለሁለት የሚሆን ሥራ የለም፣ አንዳችሁ ብቻ ትቀራላችሁ አለና ኮምዩትኤርን መረጠ። ኤክስፕረስጄት በመስከረም መጨረሻ ለዩናይትድ መብረሩን አቆመ። በ2021 ኔቫዳ ሪኖ ላይ "አሃ" በሚል ስም ለሁለተኛ ጊዜ ራሱን ለመቻል ተፍጨረጨረ፤ አንድ ዓመት አልሞላም።

ትልልቆቹ አየር መንገዶች ሁሉን ነገር ለትንንሾቹ ያላስተላለፉት ታዲያ ለምንድን ነው? የሚያግዳቸው የራሳቸው አብራሪዎች ማህበር ነው። በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ ለሰብ ኮንትራት የሚሰጠው አውሮፕላን ከዚህ አይበልጥም የሚል የወሰን አንቀጽ አለ። በዴልታ፣ በዩናይትድና በአሜሪካን ዘንድ ዛሬ ጣሪያው 76 ወንበርና ከፍተኛ የመነሻ ክብደቱ 86 ሺህ ፓውንድ ነው፤ 39 ቶን ግድም። የወሰን አንቀጹ ብዙ ሺህ ሰው ከሚያነበው የአቪዬሽን ሕግ ይልቅ የአውሮፕላን ፋብሪካዎችን አሽከርክሯል። ኤምብራየር ነዳጅ ቆጣቢ አዲስ ሞተር ገጥሞ ያዘጋጀው ኢ175 ኢ2 ከጣሪያው በላይ ስለከበደ አሜሪካ ውስጥ ገዢ አጣ፤ ፋብሪካው ዛሬም ለአሜሪካኖቹ የሚሸጥላቸው አሮጌውን ዓይነት ነው። ሚትሱቢሺ ለዓመታት ቢሊዮኖች ያፈሰሰበትን ጄት በ2023 ሙሉ በሙሉ ሲተወው ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ጣሪያ ነበር።

የሚያስቀው ደግሞ በ2019 የታየው ነው። የዩናይትድ ስምምነት ሰባ ወንበር ያላቸውን ጄቶች ቁጥር ሲገድብበት፣ ሰባ ወንበር የነበረውን ሲአርጄ 700 ወሰደና ወንበሩን ነቅሎ ሃምሳ አደረገው። ስሙ ሲአርጄ 550 ሆነ፤ መጀመሪያ ያበረረው ጎጄት ነው። በተነቀለው ወንበር ቦታ አሥር የአንደኛ ማዕረግ መቀመጫና የእጅ ሻንጣ የሚቆምባቸው አራት ቁም ሳጥኖች ገቡ። የመንገደኛችን የበርበሬ ሻንጣ እዚያኛው ላይ ብትሳፈር ኖሮ ከእጁ አትለይም ነበር። አብራሪዎችና አሠሪዎች ሲጓተቱ ተሳፋሪው ሳይጠይቅ የተመቸው እዚህ ጋ ብቻ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። የካቲት 12 ቀን 2009 ምሽት ከኒውዋርክ ወደ ባፋሎ የሚበር አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ አንድ መኖሪያ ቤት ላይ ወድቆ 50 ሰው ሞተ፤ 49ኙ ውስጥ የነበሩ፣ አንዱ ቤቱ ውስጥ። አውሮፕላኑ ኪው 400 ነው፤ ከባሕር ዳር ወይም ከጅማ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሁሉ የሚያውቃት ዓይነት። ትኬቱ የኮንቲኔንታል ነበር። ያበረረው ኮልጋን የሚባል፣ ከሟቾቹ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ስም ነው።

ምርመራው ያገኘው ቀጥተኛ ምክንያት የካፒቴኑ ስህተት ነው፤ ፍጥነት መውረዱን የሚያስጠነቅቀው መሪ እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ወደፊት መግፋት ሲገባው ወደ ራሱ ሳበው። አገሩን ያስቆጣው ግን በምርመራው ችሎት የተሰማው ነው። ረዳት አብራሪዋ ሥራ ቦታዋ ኒውዋርክ፣ መኖሪያዋ ሲያትል አካባቢ ነበር፤ ሌሊቱን በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ተሳፍራ፣ ሜምፊስ ላይ ቀይራ፣ ጠዋት ደርሳ ነው ለማታው በረራ የቀረበችው። የዓመት ደመወዟ ከ24 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ካፒቴኑም ከቤቱ ርቆ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ነበር ያደረው። እንዲህ የሚከፈለው ሰው ኒውዋርክ አጠገብ ቤት መከራየት እንደማይችል ለመረዳት የአቪዬሽን ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ጨረታው የጨመቀው ዋጋ የት እንደሄደ ሕዝቡ በዓይኑ ያየው ያኔ ነው።

የሟች ቤተሰቦች ዋሽንግተን ተመላልሰው ለቀቅ አላደረጉም። በነሐሴ 2010 በወጣው ሕግ ሁለት ነገር አተረፉ። አንደኛው ያ ደቃቅ ጽሑፍ ነው፤ ትኬት ሲሸጥ ማን እንደሚያበረው ገና ከመጀመሪያው ለገዢው እንዲታይ ግድ ሆነ። ሁለተኛው ከ2013 ጀምሮ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪም 1,500 የበረራ ሰዓት እንዲኖረው የሚጠይቀው ደንብ ነው፤ ቀደም ሲል 250 ይበቃ ነበር። የኮልጋን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 በላይ ሰዓት እንደነበራቸው ተቺዎቹ ሳይታክቱ ያስታውሳሉ፤ እውነታቸውን ነው። ደጋፊዎቹ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለፉትን ደህና ዓመታት ይቆጥራሉ፤ ያም እውነት ነው። ጥር 29 ቀን 2025 በዋሽንግተን ከተማ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የክልል ጄትና የጦር ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 67 ሰው ሲሞት ያ ቆጠራ ተቋረጠ። ጄቱ የአሜሪካንን ቀለም ተቀብቷል፤ ያበረረው ፒኤስኤ የሚባለው ቅርንጫፉ ነበር። ያንን አደጋ ከሰብ ኮንትራት ጋር ማያያዝ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

የ1,500 ሰዓቱ ደንብ ማንም በዚያ ዓይን ያላየውን ሥራ ሠራ፤ ጀማሪውን ውድ አደረገው። አስቀድሞ ትልልቆቹ ቅርንጫፎቻቸውን እርስ በርስ ማስፈራራት ይችሉ ነበር። በ2013 የፒኤስኤ አብራሪዎች ሠላሳ አዳዲስ ጄቶች እንዲሰጧቸው ሲሉ የደመወዝ እርከናቸው እንዲቆም ፈረሙ። በሚቀጥለው መጋቢት ኢንቮይ የሚባለው ሌላው የአሜሪካን ቅርንጫፍ አብራሪዎች ተመሳሳይ ነገር ሲቀርብላቸው በድምፅ ጣሉት፤ ወዲያው አውሮፕላኖቹ ወደ ሌላ እንደሚሄዱ ተነገራቸው። አባት አንድ፣ ልጆቹ በውርስ የሚሻሙ። ነገር ግን የ250 ሰዓት ጀማሪ ወረፋ ከየበሩ ላይ ቀስ በቀስ አለቀ። ሪፐብሊክ በየካቲት 2016 የኪሳራ ከለላ ሲገባ አውሮፕላኖቹን የሚያበርለት ሰው ማጣቱን ከዋና ምክንያቶቹ ቆጠረ። ኮቪድ ሲመጣ ትልልቆቹ ሺዎችን በጊዜ ጡረታ አስወጡ፤ መንገደኛው ሲመለስ ደግሞ ካፒቴን ፍለጋ ወደ ትንንሾቹ ጓዳ ገቡ። የራሳቸውን ሰብ ኮንትራክተር ሰው አራቆቱት።

በሰኔ 2022 የሆነው ከአሥር ዓመት በፊት ቢነገር ማንም አያምንም ነበር። የአሜሪካን ቅርንጫፎች ለጀማሪ ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር እንከፍላለን አሉ፤ የተወሰነው ጊዜያዊ ጭማሪ ቢሆንም። በኮልጋን ዘመን ሃያ ዶላር ግድም ነበር። አንዱ ሲያስታውቅ ሌላው በሳምንታት ውስጥ ተከተለ፤ ያ ሁሉ ዓመት ደመወዝ የወረደበት መሰላል በዚያው ፍጥነት የሚወጡበት ሆነ። ደመወዙ ሲወጣ የኩባንያዎቹ ቁጥር ወረደ። ትራንስ ስቴትስና ኮምፓስ በ2020 የጸደይ ወራት ተዘግተው ነበር። ሜሳ ከአሜሪካን ጋር ተለያይቶ በዩናይትድ ብቻ ቀረ፤ በ2025 ከሪፐብሊክ ጋር ለመዋሃድ ተስማማ። ለሁሉም የሚሠራው የዩታው ስካይዌስት ግን ለአራት አሠሪ፣ ለዴልታ፣ ለዩናይትድ፣ ለአሜሪካንና ለአላስካ እየበረረ ከማንም በላይ ገዘፈ። ጨረታ ላይ ተጫራች ሲያንስ ማን ማንን እንደሚለምን የታወቀ ነው።

በመሐል የተተወው ሄገርስታውንን የመሰለው ከተማ ነው። ሰብ ኮንትራቱ ሲፈለሰፍ ዓላማው ትንሽ ከተማ በረራ እንዳታጣ ነበር፤ አብራሪው ውድ ሲሆን በመጀመሪያ የሚሰረዘው ግን የእሷ መስመር ነው። በመጋቢት 2022 ስካይዌስት መንግሥት ድጎማ ከሚሰጥባቸው ከተሞች ከ29ኙ መውጣት እንደሚፈልግ በአንድ ቀን አስታወቀ፤ ተተኪ እስኪገኝ እንዲቆይ ታዘዘ። በዚያው ሰኔ፣ ደመወዙ በተሰቀለበት ወር፣ አሜሪካን ከኒውዮርክ ኢስሊፕና ኢታካን፣ ከኦሃዮ ቶሌዶን በመስከረም እንደሚተው ተናገረ፤ ምክንያቱ የክልል አብራሪ እጥረት ነው አለ። እህቱ ቶሌዶ የምትኖር መንገደኛ ከዚያ ወዲህ ዲትሮይት ይወርዳል። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ነው፤ እህቱ መጥታ ትወስደዋለች፣ የበርበሬዋን ሻንጣም ከኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል።